አልፍሬድ ቬገነር፦ የአህጉራትን መንቀሳቀስ ያስረዱ ተመራማሪ የሕይወት ታሪክ

የምድር ቅርፊት እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ እንደሚታጠፍና እንደሚንቀሳቀስ የሚመረምረው የሥነ ምድር ዘርፍ ስትራክቸራል ጂኦሎጂና ቴክቶኒክስ ይባላል። ዘርፉ በኢትዮጵያ ከመማሪያ ክፍል ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 በደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተደጋግሞ የተከሰተው መንቀጥቀጥ ደግሞ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል። መንገድና ግድብ የት ቢያርፍ እንደሚሻል፣ የእንፋሎት ኃይል ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ፣ የትኛው መንደር ለአደጋ እንደሚጋለጥ ሲጠየቅ መልስ የሚጠበቀው ከዚሁ ዘርፍ ባለሙያዎች ነው።

በዘርፉ የሦስተኛ ዲግሪ ምርምር ለማድረግ የሚያስቡ ዜጎች ብዙ ጥያቄዎች ሊያነሡ ይችላሉ። ቀደም ሲል የተማሩት ሙያ ሌላ ቢሆን ይከለክላል ወይ? የምርምር ጥያቄ እንዴት ይመረጣል? የደረሱበት ውጤት በባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት ቢያጣስ ምን ይደረጋል? የጀርመናዊው ተመራማሪ የአልፍሬድ ቬገነር ሕይወት ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ ማሳያ በመሆኑ ታሪካቸው እንደሚከተለው ቀርቧል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አልፍሬድ ቬገነር ኅዳር ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በ1880 በበርሊን ከተማ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። አባታቸው የነገረ መለኮት ሊቅና የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ከሀብት ይልቅ ለትምህርት ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ነበር። ቬገነር በበርሊን፣ በሃይደልበርግና በኢንስብሩክ ፊዚክስን፣ ሚቲዮሮሎጂንና ሥነ ፈለክን አጥንተዋል።

የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1905 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በሥነ ፈለክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን የተዘጋጁትን፣ የፕላኔቶችን አቀማመጥ ለማስላት ያገለግሉ የነበሩትን የአልፎንሶ ሰንጠረዦች በዘመኑ የስሌት ስልት እንደገና ማስላት ነበር። ሥራው አሰልቺ ስሌት የሚበዛበትና ከድንጋይም ከተራራም ጋር ግንኙነት የሌለው ነው። ሆኖም አሮጌ መዝገብ በጥንቃቄ ማንበብን፣ ቁጥርን ከቁጥር ማመሳከርንና ከተለያየ ዘመን የመጣ ማስረጃን በአንድ ሚዛን መመዘንን አስተምሯቸዋል። ወደፊት ለሚጠብቃቸው ሥራ የሚያስፈልገውም ይኸው ነበር።

ከምረቃ በኋላ በሥነ ፈለክ አልቀጠሉም። በበርሊን አቅራቢያ በሚገኘው የሊንደንበርግ የአየር ምርምር ጣቢያ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ወንድማቸው ኩርትም የዚሁ ሙያ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በሚያዝያ 1906 በፊኛ ተሳፍረው ለ52 ሰዓት ተኩል ያህል በአየር ላይ በመቆየት የዘመኑን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል።

ወደ ግሪንላንድ የተደረጉ ቀዳሚ ጉዞዎች

በዚያው በ1906 ቬገነር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ከሚሄድ የዴንማርክ የምርምር ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። እስከ 1908 በቆየው በዚህ ጉዞ የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ አቋቁመው በካይትና በገመድ በታሰረ ፊኛ መሣሪያ ወደ ላይ እየላኩ የዋልታውን አየር ለክተዋል። የቡድኑ መሪ ሚሊዩስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በዚሁ ጉዞ ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ቬገነር የበረዶው ምድር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጉዟቸው ያውቁ ነበር።

ከተመለሱ በኋላ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ማገልገል ጀመሩ። የሚያስተምሩት ሚቲዮሮሎጂ፣ ተግባራዊ ሥነ ፈለክና የኮስሞስ ፊዚክስ ነበር። በ1911 ስለ ከባቢ አየር ቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ አሳተሙ። በደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣትና የውኃ ጠብታ ጎን ለጎን ሲኖሩ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳው ሐሳባቸው እስከ ዛሬ በሚቲዮሮሎጂ ትምህርት በስማቸው ይጠራል። ታዋቂው የአየር ንብረት ሊቅ ቭላዲሚር ኮፐን በዚህ ጊዜ አማካሪያቸው ሆኑ፤ ቬገነርም በ1913 ልጃቸውን ኤልዘን አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

ከ1912 እስከ 1913 ከዴንማርካዊው ዮሃን ፔተር ኮህ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ግሪንላንድ ሄደው በበረዶ ግግሩ ላይ ከረሙ። ቀጥሎም የደሴቲቱን ሰፊ ክፍል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በፈረስ አቋረጡ። ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ሲደርሱ ስንቃቸው አልቆ፣ የመጨረሻውን ፈረስና ውሻቸውንም በልተው ነበር። ሕይወታቸው የተረፈው በአጋጣሚ በጀልባ ያለፉ ካህን ስላገኟቸው ነው።

አዲሱ ሐሳብ

አህጉራትን የሚመለከተው ሐሳብ የተጠነሰሰው ከሁለቱ ጉዞዎች መካከል ነው። በ1910 የገና ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባቸው በስጦታ ያገኙትን አዲስ አትላስ ሲመለከቱ የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ጋር የሚገጥም መሆኑን አስተዋሉ። የጠረፎቹን መመሳሰል ከእርሳቸው በፊት ያዩ ሰዎች ነበሩ። ቬገነር ግን የውኃውን ዳርቻ ብቻ ሳይሆን በባሕር ሥር ያለውን የአህጉሩን እውነተኛ ጠርዝ አመሳከሩ፤ ግጥምጥሙም ከዳርቻው ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

በ1911 መኸር ላይ በማርቡርግ ቤተ መጻሕፍት ያገኙት ጽሑፍ ሐሳቡን አጠነከረው። ጽሑፉ በብራዚልና በአፍሪካ ተመሳሳይ ቅሪተ አካላት መገኘታቸውን የሚዘረዝር ሲሆን፣ ምክንያቱን ግን ቀድሞ አህጉራቱን ያገናኝ የነበረ የየብስ ድልድይ ኋላ ወደ ባሕር በመስጠሙ ነው ሲል ያስረዳ ነበር። ቬገነር በዚህ ትንታኔ አልተስማሙም። አህጉራት ቀለል ካለ ድንጋይ የተሠሩ በመሆናቸው ከበድ ባለው የውቅያኖስ ወለል ላይ እንደሚንሳፈፉ በጊዜው ይታወቅ ነበር። ቀላል ነገር ከባዱ ውስጥ ሰጥሞ ሊጠፋ አይችልም። የምድርን ገጽ ከፍታ በስታቲስቲክስ ሲመረምሩም ሁለት ደረጃዎች ጎልተው ወጡ፤ አንዱ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው የአህጉራት ደረጃ፣ ሌላው 4,700 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው የውቅያኖስ ወለል ደረጃ ነው። የሰመጠ አህጉር ቢኖር ኖሮ ልዩነቱ እንዲህ የተለየ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የሚቀረው ማብራሪያ አህጉራቱ ቀድሞ አንድ ላይ የነበሩና ኋላ የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ይህን ሐሳብ በጥር 6 ቀን 1912 በፍራንክፈርት ለጂኦሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር አቀረቡ። በወቅቱ የ31 ዓመት ሚቲዮሮሎጂስት ነበሩ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ በተጠባባቂ መኮንንነት ተጠርተው በቤልጅየም ግንባር ሁለት ጊዜ ቆሰሉ። ለውጊያ ብቁ አይደሉም ተብለው ወደ ሠራዊቱ የአየር ትንበያ አገልግሎት ተዛወሩ። በሕመም ፈቃድ ላይ ሳሉ ያዘጋጁት፣ ስለ አህጉራትና ውቅያኖሶች አመጣጥ የሚያብራራው መጽሐፋቸው በ1915 ታተመ። የመጀመሪያው እትም 94 ገጽ ብቻ የነበረው አነስተኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ አዳዲስ ማስረጃ እየጨመሩና የተነሡባቸውን ተቃውሞዎች እየመለሱ በ1920፣ በ1922 እና በ1929 አሻሽለው አሳትመውታል።

ማስረጃዎቹና የአፋር ጉዳይ

መጽሐፉ የቆመው በአንድ ማስረጃ ላይ አልነበረም። ሜሶሶረስ የሚባለው፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊዋኝ የማይችል ትንሽ ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳ ቅሪት በደቡባዊ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ተገኝቷል። ግሎሶፕቴሪስ የተባለው ተክል ቅሪት በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካ፣ በሕንድና በአውስትራሊያ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ እጥፋት ተራሮች በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ ግዛት ካሉት ተራሮች ጋር በድንጋይ ዓይነትም በእጥፋት አቅጣጫም ይቀጥላሉ። ዛሬ ሞቃት በሆኑት በሕንድና በአፍሪካ የጥንት በረዶ ግግር የጫረው ድንጋይ ሲገኝ፣ ዛሬ በረዶ በሆነው በስፒትስበርገን ደግሞ የድንጋይ ከሰል ይገኛል። እነዚህ ሁሉ አህጉራቱ በአንድ ላይ ሲገጠሙ ትርጉም ይሰጣሉ። በ1924 ከአማታቸው ከኮፐን ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ የጥንት ዘመናትን የአየር ንብረት በዚሁ መንገድ አብራርቷል።

በመጽሐፉ ውስጥ የኢትዮጵያ ምድርም ተነሥቷል። ቬገነር ቀይ ባሕርንና የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የአህጉር መከፈል ጅማሮ አድርገው ወስደዋቸዋል። የዓረብን ምድር ከአፍሪካ ጋር ሲገጥሙ ጠረፎቹ በደንብ ይጋጠማሉ፤ ቅር የሚያሰኘው የአፋር ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው፤ የዓረብ ልሳነ ምድር ጥግ በላዩ ላይ ይደረባልና። ቬገነር ይህን አልደበቁትም። ቦታው በአዲስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ መሆኑን አመልክተው፣ ያ ሦስት ማዕዘን ቢቀነስ ግጥምጥሙ የተሟላ እንደሚሆን አሳዩ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የተደረገው ምርምርም አብዛኛው የአፋር ዝቅተኛ ምድር የዓረብና የአፍሪካ ሰሌዳዎች መለያየት ከጀመሩ በኋላ ከታች በወጣ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ መሆኑን አረጋግጧል።

የገጠማቸው ተቃውሞ

የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አቀባበል በአብዛኛው ቀዝቃዛ፣ አንዳንዴም ማላገጫ ያለበት ነበር። በ1926 በአሜሪካ የነዳጅ ጂኦሎጂስቶች ማኅበር በኒው ዮርክ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ሐሳቡ ከፍተኛ ትችት ደረሰበት። ከተቃውሞው ጥቂቱ ከሙያው ውጭ የመጣ ሰው ምን አገባው ከሚል ስሜት የመነጨ ነው። ዋናው ተቃውሞ ግን መሠረት ነበረው። ቬገነር አህጉራትን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከምድር መሽከርከርና ከፀሐይና ከጨረቃ ስበት የሚመጣ እንደሆነ ገምተው ነበር፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ እነዚህ ኃይሎች ለዚህ ሥራ እጅግ ደካማ መሆናቸውን በስሌት አሳዩ።

የፍጥነት ግምታቸውም የተሳሳተ ነበር። በልዩ ልዩ ዘመን የተወሰዱ የግሪንላንድ የኬንትሮስ ልኬቶችን አነጻጽረው ደሴቲቱ በዓመት በርካታ ሜትሮች ወደ ምዕራብ እንደምትጓዝ ደምድመዋል። የቀድሞዎቹ ልኬቶች በራሳቸው ትልቅ ስሕተት ያለባቸው ስለነበሩ ውጤቱ አልጸናም። የምድር ሰሌዳዎች ትክክለኛ ፍጥነት በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው።

የተሻለ ሐሳብም በእጃቸው ገብቶ አምልጧቸዋል። በ1912 ጽሑፋቸው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል በመካከለኛው ባሕር ሥር ተራራ ላይ እየተቀደደ አዲስ ድንጋይ ከታች እንደሚወጣ ጠቁመው ነበር፤ በኋላ እትሞች ግን አልገፉበትም።

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ የፕሮፌሰርነት መንበር ለረጅም ጊዜ አላገኙም። ከጦርነቱ በኋላ በሃምቡርግ በጀርመን የባሕር ምርምር ተቋም ሠርተዋል። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1924 በኦስትሪያ የግራትስ ዩኒቨርሲቲ በሚቲዮሮሎጂና በጂኦፊዚክስ ሲሾሙ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ40 አልፎ ነበር።

ተቃውሞው ቢበዛም ብቻቸውን አልቀሩም። ደቡብ አፍሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ አሌክሳንደር ዱ ቶይት በደቡብ አሜሪካ ተዘዋውረው ድንጋዩን ከአገራቸው ድንጋይ ጋር በማመሳከር ማስረጃውን አበዙ። እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ደግሞ በምድር ውስጥ ያለው ሙቀት የማንትልን ድንጋይ ቀስ ብሎ እያዘዋወረ አህጉራትን ሊሸከም እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። ቬገነር ሲፈልጉት ለኖሩት ኃይል መልሱ የሚገኘው በዚህ አቅጣጫ ነበር።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1930 ቬገነር ትልቅ የጀርመን የምርምር ቡድን እየመሩ ወደ ግሪንላንድ ተመለሱ። ዓላማው የበረዶውን ውፍረት በፈንጂ በሚፈጠር ሞገድ መለካትና የአየር ሁኔታውን ዓመቱን ሙሉ መከታተል ነበር። ለዚህም ከምዕራብ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የበረዶው እምብርት ላይ አይስሚተ የተባለ ጣቢያ ተቋቋመ። የባሕሩ በረዶ ሳይቀልጥ በመቆየቱ ዕቃው ዘግይቶ ደረሰ፤ በሞተር የሚሄዱት ተንሸራታቾችም ሸክሙን መወጣት አቃታቸው። በጣቢያው ያሉት ሁለት ባልደረቦች ለክረምቱ በቂ ስንቅና ነዳጅ የላቸውም ተብሎ ተፈራ።

በመስከረም 21 ቀን ቬገነር ከሚቲዮሮሎጂስቱ ፍሪትስ ሎቨና ከ13 ግሪንላንዳውያን ጋር በ15 ውሾች የሚጎትቷቸው ተንሸራታቾች ስንቅ ጭነው ተነሡ። ቅዝቃዜው እየበረታ ሲሄድ ከራስሙስ ቪሉምሰን በቀር ሌሎቹ ግሪንላንዳውያን ተመለሱ። ሦስቱ ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ አይስሚተ ሲደርሱ የሎቨ የእግር ጣቶች በበረዶ ሞተው ስለነበር በጣቢያው ውስጥ ተቆረጡ። ስንቁ ለአምስት ሰው ስለማይበቃ ቬገነርና ቪሉምሰን በኅዳር 1 ቀን፣ ቬገነር 50 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ ወደ ጠረፉ ለመመለስ ወጡ። ሁለቱም አልደረሱም።

የቬገነር አስከሬን በግንቦት 1931 በመንገዱ እኩሌታ አካባቢ፣ ቪሉምሰን በጥንቃቄ ቀብረው በበረዶ መንሸራተቻዎች ምልክት ባደረጉበት ሥፍራ ተገኘ። በ23 ዓመታቸው ያለፉት የቪሉምሰን አስከሬንና ይዘውት የነበረው የቬገነር የዕለት ማስታወሻ ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። ወንድማቸው ኩርት ቬገነር የቡድኑን ሥራ ተረክበው ፈጸሙ። በአይስሚተ የቀሩት ሦስት ሰዎችም ክረምቱን አልፈው ልኬታቸውን ይዘው ወጡ።

ከሕልፈታቸው በኋላ

ለ30 ዓመታት ያህል የአህጉራት መንቀሳቀስ ሐሳብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ተጣለ ሐሳብ ሲታይ ቆየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የውቅያኖስ ወለል በመሣሪያ መለካት ጀመረ። ሜሪ ታርፕና ብሩስ ሂዘን የአትላንቲክን የባሕር ሥር ተራሮችና በመካከላቸው የሚያልፈውን ስምጥ በካርታ አወጡ። ሃሪ ሄስ በ1962 የውቅያኖስ ወለል ከእነዚህ ተራሮች እየተፈጠረ ወደ ጎን እንደሚሰፋ ጻፉ። በ1963 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ፍሬድ ቫይን ከአማካሪያቸው ከድራመንድ ማቲውስ ጋር በባሕሩ ወለል ላይ የተመዘገበው የመግነጢስ አቅጣጫ መቀያየር የዚህ መስፋፋት ማስረጃ መሆኑን አሳዩ። ቬገነር የጎደላቸውን የማስረጃ ሰንሰለት አንዱን ቁልፍ ቀለበት ያስገኘው እንግዲህ የአንድ ተማሪ የዶክትሬት ሥራ ነበር።

ባለቤታቸው ኤልዘ በ1960 የባላቸውን የሕይወት ታሪክ አሳትመዋል። እስከ 1992 በሕይወት ስለነበሩም ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲገባ ለማየት በቅተዋል። በብሬመርሃፈን የሚገኘው የጀርመን የዋልታና የባሕር ምርምር ተቋም በ1980 ሲመሠረት በቬገነር ስም ተሰይሟል።

በአፋርም ሐሳቡ በዓይን ታይቷል። በመስከረም 2005 በደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ቅርፊት በቀናት ውስጥ ተከፍቶ ቅልጥ ድንጋይ ገባበት፤ በአንዳንድ ቦታ የመለያየቱ መጠን 8 ሜትር ደረሰ። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በሳተላይትና በመስክ ልኬት ያጠኑት ይህ ክስተት ለበርካታ የዶክትሬት ሥራዎች ርእስ ሆኗል።

ለዘርፉ አመልካቾች

ከዚህ ታሪክ ለሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾች የሚጠቅሙ ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ከፊዚክስ፣ ከሒሳብ ወይም ከቅየሳ ሙያ የመጣ ሰው ለዘርፉ ባዕድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የድንጋይና የመስክ ዕውቀቱን ማሟላት ይጠበቅበታል። ሁለተኛ፣ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ነባሩ ማብራሪያ ከማይገጥምበት ቦታ ነው። አመልካቾች ንድፈ ሐሳባቸውን ከማቅረባቸው በፊት ያሉትን የጂኦሎጂ ካርታዎችና የመንቀጥቀጥ መዛግብት ቢያነቡ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የልኬት ስሕተት መጠን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የቬገነር የፍጥነት ግምት የወደቀው በዚህ ምክንያት ነውና። አራተኛ፣ የመስክ ጉዞ የስንቅ፣ የመጓጓዣና የደኅንነት ዕቅድ የምርምር ንድፉ አካል እንጂ ተጨማሪ ወረቀት አይደለም።

የመግቢያ መስፈርት፣ የማመልከቻ ጊዜና የአማካሪ ምደባ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ አመልካቾች ተቋማቱ የሚያወጡትን ማስታወቂያ መከታተል ይኖርባቸዋል። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ያላቸው ዜጎች ደግሞ የአቻ ግምት ማረጋገጫውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድመው ቢያገኙ ከጊዜ መጓተት ይድናሉ። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እየሰፋ ነው፤ በላዩም ከተሞች፣ መንገዶችና እርሻዎች አሉ። ምድሩን በቅርበት የሚያጠኑ ባለሙያዎች በበዙ ቁጥር ነዋሪው ከአደጋ በፊት የሚያገኘው መረጃ የተሻለ ይሆናል።